አምባሰል በአንድ ጣት

ጃፓናዊውን መጀመሪያ የሰማሁት ቆሮሶ ዓሣ እየፋቅኩ ነው። ሐይቁ ዳር ካለችው የቆርቆሮ ጥላችን ሥር ተቀምጬ፣ ስልኬን ከባልዲው ጋር አስደግፌ፣ እጄ እስከ ክንዴ የዓሣ ቅርፊት ለብሶ። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይመጣል። እጄ እርጥብ ስለሆነ ስልኩን አልነካውም፤ የመጣውን መስማት ነው። የመጣው ትልቅ አዳራሽ ነበር። መድረኩ ላይ አርባ የሚሆኑ ተማሪዎች ተቀምጠዋል፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሁሉም ማንዶሊን ታቅፈው። አርባ ማንዶሊን! እኔ በሕይወቴ በዓይኔ ያየሁት አንድ ማንዶሊን ነው፤ እሱም ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው።

ከተማሪዎቹ ፊት አንድ ሸምገል ያለ ሰው መጥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ከታች የተጻፈው እንግሊዝኛ፣ ሙዚቃውን የደረሰው እሱ መሆኑን፣ ያገሩን አራት ወቅቶች ለማንዶሊን እንደጻፈ ይናገራል። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም፤ ለዚህ ለዚህ ግን እንግሊዝኛዬ ይበቃኛል። የሰውዬውን ስም እዚህ አልጽፍም። የማንንም ስም አልጽፍም፣ የራሴንም ጭምር። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፣ የሚያውቀኝ ያውቀኛል።

የመጀመሪያው ክፍል አበባ ነው አሉ፤ ቆንጆ ነው፣ አልያዘኝም። ሁለተኛውም አለፈ፣ ሦስተኛውም። እኔም ሁለት ዓሣ ጨረስኩ። አራተኛው፣ የቅዝቃዜው ወቅት ሲጀምር ግን ቢላዬን አስቀመጥኩ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ወፍራሙን ክር መታች፣ ቀጥላ ከእሱ ጥግ ያለውን፣ ከዚያ ዘለል ብላ ወደ ላይ ወጣች።  የማውቀው ነገር ነው። ግን ከየት?

አባቴ ያኔ ከጀልባው ወርዶ መረቡን በትከሻው ተሸክሞ እየመጣ ነበር። ጥላው ሥር ሳይደርስ ቆመ።

«ማነው ይሄ አምባሰል የሚገርፈው?» አለ።

«ጃፓናዊ ነው።»

«ምን?»

«ጃፓን፣ አባዬ። መኪና የሚሠሩት።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አምባሰልን የት አገኘው ነው የምልሽ!»

«የራሱ ነው እንጂ። ያገሩን ብርድ ነው የጻፈው።»

«ወላሂ አምባሰል ነው። ይቺን ስሚያት፣ ይቺን! ይሄ ሰውዬ ውጫሌን ረግጧል።»

መረቡን ከትከሻው ሳያወርድ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ። ውሃው በጀርባው እየወረደ ሸሚዙን አበሰበሰው፣ ልብ አላለውም። ሲያልቅ «ድገሚው» አለኝ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ደገምኩት።

እኔ ሞኝ አይደለሁም። ሰውዬው ውጫሌን እንዳልረገጠ አውቃለሁ። በራሱ አገር፣ በራሱ መንገድ ሄዶ እዚያው ድምፅ ላይ ደረሰ፤ ነገሩ ይሄ ነው። ጆሮዬ ግን ደንቆሮ አይደለም። አምስቱ ድምፆች የእኛው አምስት ናቸው፣ ከተራራችን ስም ያወጣንላቸው። ያን ቀን ኩራት ነው የተሰማኝ፣ ለምን እደብቃለሁ? የሰው አገር ሰው ያንን የሚያህል አዳራሽ ሞልቶ የሚያስጨበጭብበትን ድምፅ፣ እኛ እዚህ ዓሣ እየፋቅን እናንጎራጉረዋለን።

አሁን ስለ ማንዶሊናችን ልናገር፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነውና።

አባቴ እጅ የገባችው በደርግ ጊዜ ነው፣ እኔ ሳልወለድ። የቀበሌ ኪነት ሲቋቋም መሣሪያ በመኪና መጣ። አኮርዲዮኑን አንዱ ወሰደ፣ ከበሮውን ሌላው። ማንዶሊኗን የሚያውቃት ሰው ስለጠፋ «አንተ ክራር ትችል የለ?» ብለው ለአባቴ ሰጡት። አስተማሪ የለ፣ መጽሐፍ የለ። በሳምንቱ ሕዝብ ፊት መቅረብ አለበት። ምን ያድርግ? እንደ ክራር ቃኛት።

ማንዶሊን አራት ጥንድ ክር ነው ያላት፣ ስምንት መሆኑ ነው። ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚቃኛት አባቴ አያውቅም ነበር። የሚያውቀው አምባሰል ሲቃኝ ጆሮው የሚጠብቀውን ድምፅ ነው። ዋና ዋናዎቹን ባዶ ክር ላይ አስቀመጣቸው። የቀሩትን ከአንገቷ ጫፍ ካለችው ከመጀመሪያዋ የብረት መስመር ላይ አንድ ጣት ጫን በማድረግ አገኛቸው። አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያለው አንገቷ በሙሉ ለአባቴ ጌጥ ነው። እኔንም ሲያስተምረኝ «አምባሰል በአንድ ጣት ይወጣል፤ የቀሩት ይረፉ» ነው ያለኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የቀሩት ጣቶቼ እውነትም አረፉ።

ኪነቱ ሲፈርስ ማንዶሊኗን የጠየቀ የለም። አባቴ ወደ ዓሣው ዞረ፣ እሷም አብራው ኖረች። ሠርግ ላይ፣ ደቦ ላይ ይዟት ይሄድ ነበር አሉ። እኔ ትንሽ ሆኜ ግን አንድ ሠርግ ላይ ከደሴ የመጣ ባንድ ነበር፤ ከሙዚቀኞቹ አንዱ ከአባቴ እጅ ተቀብሎ አንድ ጊዜ ገረፋትና ሳቀ። «ማን ነው እንዲህ ያበላሻት? ይቺ እኮ አልተቃኘችም» ብሎ መለሰለት። ሰው ሳቀ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ቤት ገብቶ ሰቀላት። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ይዟት አልወጣም። እቤት ይጫወታል፣ በር ዘግቶ። በቀልድ ማንንም የማይምር ሰው ስለዚያች ቀን ቀልዶ አያውቅም።

አርባ ዓመት የተጫወተው ስህተት ነው ወይስ ሙዚቃ? ይሄን ጥያቄ በቃሉ ጠይቆኝ አያውቅም። በሩን የሚዘጋው ግን በእሱ ምክንያት ነው።

ሙዚቃውን በማንዶሊናችን ላወጣ ከጃፓናዊው ጋር ሁለት ወር ተጣላሁ። የመድረኩ ልጆች በግራ እጃቸው አንገቱን ከላይ እስከ ታች ይሮጡበታል፣ እንደ ሸረሪት። እኔ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። እነሱ አምስት ቦታ ሄደው የሚያመጡትን ድምፅ እኔ አንዳንዴ ባዶ ክር መትቼ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ የነሱ ድምፅ እኔ ጋ ጨርሶ የለም። በመጨረሻ የተማርኩት ቀኝ እጃቸውን ነው። አንዱን ክር ቶሎ ቶሎ፣ ቶሎ ቶሎ ይመቱታል፣ ድምፁ ሳይቋረጥ እንደ ውሃ እስኪፈስ። አባቴ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። ከጄሪካን ክዳን በተቆረጠች መግረፊያችን ሙሉ ቀን ተለማመድኩት።

«እጅሽን ምን ያንቀጠቅጥሻል?» አለኝ። «ወባ ያዘሽ?»

«ጃፓኖች ናቸው ያስያዙኝ።»

«ታዲያ ኪኒኑንም ላኩልሽ በያቸው።»

ሁለት ቀን ቆይቶ ግን እሱ ራሱ ጥግ ይዞ ሲሞክር ያዝኩት። እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ።

የጃፓናዊው አራተኛ ክፍል፣ በረዶው፣ ግን አልሆነልኝም። እኛ ጋ በረዶ ማለት ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ማሽላ የሚያረግፍ ነው፤ ሲመጣ ሰው ይጮሃል። የእሱ በረዶ ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ ይወርዳል፣ መሬቱን ይሸፍናል፣ ሁሉ ነገር ጸጥ ይላል። ቪዲዮ ላይ አይቼዋለሁ፣ ግን ያላየሁት ነገር ነው። ያላየሁትን በእጄ አልዋሽም አልኩ። እሱ ያገሩን ከጻፈ እኔ ምን ሆኛለሁ? ሰማይ አለን፣ ሐይቅ አለን።

አባቴ መረብ ሲጠግን አጠገቡ ተቀምጬ ደብተር አወጣሁ።

«ክረምት፣ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ» አልኩ፣ እንደ ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ።

«መፀው ማናት?»

«መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር።»

«መኸር በያታ! ፀደይስ?»

«መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት።»

«እሱማ በልግ ነው። ምን ፀደይ ትይኛለሽ? እሱ ለጃፓኖቹ ነው፣ አበባ ለሚያዩበት። እኛ በልግን አበባ አናይበትም። ይዘንባል ሲሉት ይቀራል፣ ተዉት ሲሉት ይመጣል። ያጎትሽን ገብስ ማን የበላው መሰለሽ?»

ፀደይን ሰርዤ በልግ ብዬ ጻፍኩ።

ክረምቱ ቶሎ ነው የመጣልኝ። እዚህ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከአምባሰል በኩል ይነሣና ሐይቁን እየመታ ይመጣል። ሳይደርስብህ ድምፁን ትሰማዋለህ። በወፍራሙ ክር በቀስታ ጀመርኩት፣ ያችን ከጃፓኖቹ የተማርኳትን ማንቀጥቀጥ፣ ከሩቅ፣ ከዚያ ቀረብ፣ ከዚያ ራሳችን ላይ። መኸሩን ለእግር አደረግሁት፣ በሬ እንደሚያበራይበት፣ ማንም ሰምቶ ዝም ብሎ እንዳይቆም። በጋው ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ነው፣ የታሰሩት ጀልባዎች እርስ በርስ የሚጋጩበት። በልጉ ነው ያስቸገረኝ። እጀምረዋለሁ፣ ያምራል፣ ግን በልግ አይመስልም። ማማሩ ራሱ ነው ችግሩ።

አባቴ አንድ ጊዜ እጄን ያዘው። «አቁሚ እዚህ ጋ።»

«አላለቀም እኮ።»

«አቁሚ አልኩሽ። ገበሬው ሰማይ እያየ ነው። አሁን ጀምሪ። በቃ፣ አቁሚ! አሁንም አልመጣም።»

በልግን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ ይጀምራል፣ ሁለት ጊዜ ይቆማል፤ በሦስተኛው ይመጣል። ዝምታውን የሰጠኝ አባቴ ነው።

የባህል ሙዚቃ ውድድር መኖሩን ያየሁት የከተማችን አዳራሽ በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። የሚመረጡት ደሴ ሄደው ይወዳደራሉ ይላል። ነገ እመዘገባለሁ ብዬ ቤት ገባሁ።

«በክራር ከሆነ ሂጂ» አለ አባቴ። «ከጎረቤት እዋስልሻለሁ።»

«በማንዶሊኗ ነው።»

«ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ።»

«ባንቺ አይደለም የሚስቁት።» ይሄን ያለው ወደ እኔ ሳያይ ነው። «በኔ ነው።»

 ትቼው ብቀር በሩ እንደተዘጋ ይኖራል። ሄጄ ቢስቁብኝ ደግሞ ያቺን ሠርግ ሁለተኛ ላመጣበት ነው። ሌሊቱን አላሰብኩበትም፣ ተኝቼ ነው ያደርኩት፤ ማሰብ ስጀምር ስለምፈራ። ጠዋት ማንዶሊኗን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፤ አባቴ ነው። እስከ አዳራሹ ግቢ ድረስ ተከተለኝ። በሩ ላይ ሲደርስ «እኔ እዚህ እሆናለሁ» ብሎ ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው አለ። ከአምባሰል ገጠር ለዘፈንና ለጭፈራ የመጡ ሴቶች አግዳሚውን ሞልተው ይቀላለዳሉ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሴትዮ ቅጽ ትሞላለች። ከጎኗ አዲስ አበባ ሙዚቃ የተማረ ነው የሚባል ወጣት ሰውዬ ተቀምጧል፣ መራጩ እሱ ነው።

«መሣሪያሽ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ማንዶሊን።»

ወረቀቷን በጣቷ ወደ ታች ወረደች። «ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ… ማንዶሊን የለም እኮ፣ እህቴ።»

«ይጻፉት፣ ይኖራል።»

ሰውዬው ቀና አለ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ በትሕትና ነው የተናገረው። «ማንዶሊን እኮ የፈረንጅ መሣሪያ ነው። ውድድሩ ደግሞ የባህል ነው። እስቲ አምጪያት» አለና ተቀበለኝ። አንድ ጊዜ ገረፋት። ሎሚ እንደነከሰ ሰው ፊቱ ተጨማደደ።

«ይሄ ቅኝት ስህተት ነው። ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

አፌን ሳልከፍት መቃኛውን ማዞር ጀመረ። «ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ነው መሆን ያለበት፣ ቆይ ላስተካክልልሽ…»

ቀጭኑ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ያ ክር ከሱቅ የተገዛ አልነበረም። አባቴ ከሳይክል ፍሬን ሽቦ አንዷን ዘለላ ለይቶ የሠራው ነው። ሰውዬው ላሰበው ቅኝት አይሆንም፤ ለአባቴ ቅኝት ግን ዓመት ሙሉ አገልግሏል። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

እርስዎ ማለት ነበረብኝ። አንተ አልኩት።

«ስማ፣ ቆይ። ሁለት ነገር ነው የምትለኝ። መጀመሪያ የፈረንጅ ናት አልክ። ቀጥለህ ቅኝቷ እንደ ፈረንጆቹ አይደለም አልክ። አንዱን ምረጥ።»

«ማለት?»

«የፈረንጅ ከሆነች ቅኝቷ ምነው የፈረንጅ አልሆነ? ቅኝቷ የአምባሰል ከሆነ ደግሞ በምን ሒሳብ ነው የፈረንጅ የምትሆነው?»

«እሰይ!» አለች ከአግዳሚው ላይ አንዷ ሴትዮ። «ልጅቱ ጥርስ አላት!»

«ጃፓኖችም ማንዶሊን ከሌላ አገር ነው የመጣላቸው» አልኩ፤ አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም። «አንድ ሰውዬ ያገሩን ወቅት ጻፈባት። የሰው መሣሪያ ነው ውጣ ያለው የለም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው ያጨበጨበለት።»

«እኛ ጃፓን አይደለንም» አለ ሰውዬው።

«ምን ጎደለንና!» አለች ያችው ሴትዮ። አግዳሚው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የአሁኑ ሳቅ በእኔ ላይ አልነበረም።

ሰውዬው የተበጠሰውን ክር በጣቱ ይዞ አየው፤ አፍሯል። «ይቅርታ፣ አውቄ አይደለም። መለወጫ ክር ግን የለኝም» አለ። እኔ ማንዶሊኗን እሱ እጅ ትቼ ወደ በር ሮጥኩ።

«አባዬ፣ ክሯን በጠሱብኝ።»

ማን ነው፣ እንዴት ነው ብሎ አልጠየቀም። ተነሣ። ኪሱ ውስጥ የተጠቀለለ የፍሬን ሽቦ ነበረ። ለካ ከቤት ሲወጣ ይዞት ነው የወጣው። በሩ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ ቆም አለ፤ አየሁት። «ስንት ሰው አለ?» አለኝ።

«ሠላሳ።»

«ያ ረቢ» አለና ገባ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ» ብሎ ሁሉንም ሰላም አለ። የዓሣ ሽታ ያለበት ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ማንዶሊኗን ከሰውዬው እጅ ተቀብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሽቦውን አሰረ። ጆሮውን አስጠግቶ ጠመዘዘ፤ በአፉ እያንጎራጎረ አንዱን ክር ከሌላው ጋር ያመዛዝናል። አዳራሹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሲቃኝ የሚሰማው ሰው አግኝቶ አያውቅም፤ እሱ ግን ሰው መኖሩንም የረሳ ይመስለኛል። ሦስተኛውን ጥንድ ሳይጨርስ ያችው የአምባሰል ሴትዮ አብራው ማንጎራጎር ጀመረች። ከዚያ ሌላዋ። ገና ሙዚቃ የለም፤ ገና ቅኝት ነው። እነሱ ግን የት እንደሚሄድ ያውቁታል፣ ቀድመውት ደርሰዋል።

ሰውዬው ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋ።

አባቴ አስረከበኝ። ተጫወትኩ። ክረምቱ ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከሙያ ይሁን ከፍርሃት አላውቅም፣ ለዝናቡ ግን ጠቀመው። መኸሩ ላይ ሴቶቹ ያለ ጥያቄ በጭብጨባ ገቡ፣ አንዷ ትከሻዋን መታች። በጋውን ብቻዬን አለፍኩት። በልጉን ጀምሬ ሳቆም አንድ ሰው ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጃቸውን አንሥተው ከለከሉት። «ገና ነው» አሉ። «አልዘነበም።»

 ያለ ቃል የጻፍኩትን ሰው በቃል መለሰልኝ። ዓይኔን አንሥቼ አባቴን አየሁት። እሱ እኔን አላየኝም፤ ሽማግሌውን ነው የሚያይ።

ስጨርስ ሰውዬው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አባቴ ሄደ።

«ጋሼ፣ ይሄን ቅኝት ማን አስተማረዎት?»

«ማንም።»

«ስም አለው?»

«አምባሰል ነዋ። ሌላ ምን ሊባል ነው?»

ሰውዬው ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «ጻፊ።»

«የቱ ጋ? ቦታ የለውም እኮ!»

«ከሥር አስምሪበት።»

ማስመሪያ ከቦርሳዋ አወጣች። ከከበሮው ሥር አንድ አዲስ መስመር አሰመረችና በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ማንዶሊን፣ በአምባሰል ቅኝት» ብላ ጻፈች። አባቴ ጎንበስ ብሎ አነበበው። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ቆሞ ነው ያየው። ከዚያ ማንዶሊኗን ከእኔ ተቀብሎ፣ በነጠላዬ ሳይጠቀልላት፣ ለሁሉም እየታየች በዋናው መንገድ ይዟት ወደ ቤት ሄደ። እኔ ከኋላ ነኝ። ሱቅ በር ላይ የተቀመጠ ሁሉ «ምንድነው የያዝከው?» ይለዋል፤ እሱ ይቆማል፣ ያስረዳል። የአስር ደቂቃውን መንገድ አንድ ሰዓት ፈጀንበት።

ደሴ ሄድኩ። ሦስተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣው ማሲንቆ ተጫዋች ይገባዋል፣ አልዋሽም። ሁለተኛዋ ግን አትገባትም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሰውዬው ወደ ሐይቁ ዳር መጣ፣ ያ ክሩን የበጠሰው። ትከሻው ላይ የራሱን ማንዶሊን አንግቷል፣ አዲስ፣ በማኅደር የገባች። አባቴ መረብ እየጠገነ ነበር። ቀና ብሎ አይቶት ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ጋሼ፣ የኔን እንደርስዎ እንዲቃኙልኝ ነው የመጣሁ።»

«ያንተማ ትክክል ናት አሉ።»

ሰውዬው ሳቀ። «ትክክል ናት። አምባሰሉ ግን እንደ እናንተዋ አይጮህላትም። ሞክሬያለሁ።»

«አብሽር፣ ተቀመጥ። ይቺን ቀዳዳ ልጨርስ።»

ቀዳዳዋ አንድ አልነበረችም። አባቴ መረቡን ሁሉ ነው የጨረሰው፣ ሰውዬው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጀልባው ሄድኩ። ስመለስ አባቴ እጁን በሐይቁ ታጥቦ ጨርሶ፣ አዲሷን የምታብለጨልጭ ማንዶሊን ጭኑ ላይ አስተኝቷታል። መቃኛዋን አንድ በአንድ ያላላል፣ ደግሞ ያጠብቃል። ከውሃው የሚወጡት ዓሣ አጥማጆች እየቆሙ ያዩታል። የሚዘጋው በር የለም፤ ጥላችን በር የላትም።

ሰውዬው ደብተሩን አወጣ። አባቴ ክር በመታ ቁጥር ይጽፋል፣ ስም ይሰጠዋል፣ ቀስት ያደርግበታል። አባቴ ትንሽ ታገሠው።

«አትጻፈው፣ ወንድሜ» አለው በመጨረሻ። «ስማው።»

ሰውዬው ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ።